የወርቅ ከተማዋ ሆቴልና የእናቴ ፊርማ

እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ያደግሁባት ከተማ ዛሬ የለችም ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ቆላ ውስጥ፣ ወርቅ ስለተገኘ ብቻ የበቀለች ከተማ ነበረች። አባቴ የማዕድን ድርጅቱ መካኒክ ነበር። እኔን በቅጡ ሳያውቀኝ በወባ ሞተ። እናቴ ወደ ዘመዶቿ በመመለስ ፈንታ ከጭቃና ከቆርቆሮ አራት ክፍል አሠርታ ሆቴል ከፈተች። አራቱ ክፍል በኋላ አሥር ሆነ። ሆቴሉ በሩ ላይ የተጻፈ ስም ቢኖረውም በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አላስታውስም። ሁሉም «ውሃ ያለው ሆቴል» ነበር የሚለው። ሌላው ሰው በአህያ ከወንዝ ሲያስቀዳ፣ ከድርጅቱ ግቢ ውጭ ቧንቧ የገባለት የኛ ቤት ብቻ ነበር።

ወርቁ ሲሳሳ ድርጅቱ ማሽኖቹን ነቅሎ ሄደ። ሱቆቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ የሆቴላችንን ቆርቆሮ ገዝቶ የሚወስድ እንኳ ጠፋ። አዲስ አበባ መጥተን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። ሰፈሩ ሲፈርስ ደግሞ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን፤ አሁንም የምንኖረው እዚያው ነው። በየቤቱ እማዬ ያንን ሆቴል ይዛው ትዞር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ራት ላይ ስለ እንግዶቿ ታወራለች። የለቀማቸውን ድንጋዮች ትራሱ ሥር አድርጎ ስለሚተኛው ጂኦሎጂስት፣ በቀን ሦስቴ ገላውን ስለሚታጠበው ሾፌር፣ ግድግዳ ላይ አንሶላ ተሰቅሎ ፊልም ስለታየበት ቅዳሜ። እኔም ያደግሁት በዚያ ወሬ ነው። ሰው አገሬ የት ነው ሲለኝ የማስበው ያንን በረንዳ ነበር።

መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛችን የተያያዘ አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ምሳችንን አብረን እንበላለን። ትዳሬ የፈረሰ ጊዜ ዕቃዬን በሚያውቀው ሰው መኪና ያመላለሰልኝ እሱ ነው፤ እማዬ ታማ የተኛች ጊዜም ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አብሮኝ የዋለ እሱ ነው። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝ እሱን ይመስል ነበር እል ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «የዚያችን ከተማ ታሪክ ልጽፍ ነው» አለኝ። «ወርቁ እንዴት እንደተገኘ፣ ሰው ከየት ከየት እንደመጣ፣ ሆቴሉ፣ ሁሉንም። እናትሽ ፈቃደኛ ይሆኑ ይሆን?»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በዚያው እሑድ ቤት ወሰድኩት።

እማዬ ከሶፋዋ ሳትነሳ እጁን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። የአባቱን ስም ሲነግራት «እሺ፣ ተቀመጥ» ብቻ አለች። እኔ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ከሰዓት ይመጣ ነበር። ስልኩን ለመቅረጫ ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል፤ እሷ ታወራለች። ጥቂት ከተቀመጥኩ በኋላ ግን እማዬ ሥራ ትፈጥርልኛለች። «እስቲ ሎሚ ግዢልኝ።» «ሰንጋ ተራ ያለው ፋርማሲ መድኃኒቴን አስመጥቷል ወይ፣ ጠይቂልኝ።» ስመለስ አንድ ጊዜ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። «ትዝታ ነው» አለኝ እሱ፤ አመንኩት። የሆቴሉን ፎቶዎች በሙሉ አልበሙን ሳይቀር ያዋስኩትም እኔ ነኝ።

መጽሐፉ ሲመረቅ እማዬን እግሯ ስላመማት ብቻዬን ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሽፋኑ ላይ የኛ በረንዳ አለ፤ እናቴ በወጣትነቷ ነጭ ነጠላ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ። ሳየው እንባዬ መጣ። እሱ ፈርሞ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሰው ስለበዛበት መሰለኝ።

ታክሲ ውስጥ ከፈትኩት። መግቢያው ላይ፣ አባቱ እዚያች ከተማ ውስጥ ጉድጓድ ተንዶበት የሞተ ቆፋሪ እንደነበረ ጽፏል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አባቱ በሕመም እንደሞተ ነበር የማውቀው። ስለ ሆቴሉ የሚያወራውን ምዕራፍ ፈለግሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ጠዋት ቆፋሪዎቹ በሆቴላችን ጓሮ ሻይ እየጠጡ ሳለ አለቃቸው፣ የድርጅቱ ካቦ፣ መጥቶ ወደ አሮጌው ጉድጓድ እንዲገቡ አዘዛቸው። አፈሩ ረጥቧል ብለው ሲለምኑት «ዛሬ ያልገባ ነገ እንዳይመጣ» አላቸው። እናቴ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጉድጓዱ ተናደ፤ ሰባት ሰው ሞተ። በሳምንቱ የድርጅቱ ኃላፊ ወረቀት ይዞ መጣላት። ወረቀቱ ሰዎቹ ከሆቴሏ ጠጥተው ሰክረው ወጡ፣ ጉድጓዱ ውስጥም ማንም ሳያዛቸው ገቡ ይላል። ፈረመች። ቤተሰቦቻቸው ካሳ ተከለከሉ፤ ከድርጅቱ ቤትም በሳምንት ውስጥ እንዲወጡ ተደረገ። በሚቀጥለው ወር ቧንቧው ወደ ሆቴላችን ገባ።

ውሃ ያለው ሆቴል።

ከታክሲው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ልደታ በእግሬ መጣሁ። ደወልኩለት፤ አላነሳም። ሰኞ ቢሮ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነው፤ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል አሉኝ።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ መጽሐፉን እንዳነብላት ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ስለ ከተማዋ አመሠራረት አነበብኩላት፤ ስለ ጂኦሎጂስቱም። ወደዚያ ምዕራፍ ስደርስ ገጾቹን አለፍኳቸው።

«ጉድጓዱ የተናደበትን አንብቢልኝ» አለች።

«የለም እማዬ።»

«አለ። አንብቢ።»

አነበብኩት። ስጨርስ መስኮቱን እያየች፣ «የሞቱት ሰባት ናቸው አለ? ስምንት ናቸው» አለች። «አንዱ ከወሎ የመጣ ነው፤ ዘመድ አልነበረውም፣ የጠየቀውም የለም። ነፍሱን ይማረውና ሻዩን በሁለት ማንኪያ ስኳር ነበር የሚጠጣው። ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ ያስተካክል።»

«ለዚያ ልጅ? ቤታችን ገብቶ ያደረገን ይኸው ነው እኮ! አባቱ ከሟቾቹ አንዱ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ የመጣ ዕለት ነው ያወቅሁት» አለች። «አባቱን ቁርጥ ነው። ምን እንደሚፈልግም አውቄያለሁ። እስኪጠይቀኝ አልጠበቅሁም፤ በሁለተኛው እሑድ ራሴ ነገርኩት። ጻፈው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሎሚው፣ ፋርማሲው፣ የቀላው ዓይን። ሁለቱ በኔ ሳሎን ስምንት ወር ሙሉ ሲነጋገሩ እኔ ደረጃ እወርድና እወጣ ነበር።

«ለእሱ ስትነግሪ፣ ለኔስ?» አልኳት። እየጮህኩ እንደነበር የገባኝ ጎረቤት በር ሲከፍት ነው።

«አንቺማ ሆቴሉን ትወጂዋለሽ» አለች። «ሌላ ምን አወረስኩሽ?»

እናቴን አልጠላኋትም፤ ግን ለሳምንታት አጠገቧ ስቀመጥ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ያንን ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግሁት፤ ጠጉሬን ታጥቤበታለሁ። የሆቴሉን ወሬ ስታወራ ስንት ጊዜ አብሬያት ሳቅሁ። እሷም እየሳቀች ስምንተኛውን ሰውዬ ታስበው ነበር? ይህን ጠይቄያት አላውቅም።

እሱ ከፈቃዱ ሲመለስ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጠበቅሁት። እማዬ ስለ ስምንተኛው ሰው የነገረችኝን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበውና ደረት ኪሱ ውስጥ አጥፎ ከተተው።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ እናቴን ፈልገህ ነው የቀረብከኝ?» አልኩት።

«አይደለም» አለ። «እዚያ ከተማ ማደግሽን ስታጫውቺኝ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ልጅ መሆንሽን ያወቅሁ ቀን ምሳዬን አልበላሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ቤትሽ ታስገቢኝ ነበር?»

አላስገባውም ነበር። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ኮሪደሩ ላይ አብሮኝ የዋለው ሰው የቱ እንደነበር፣ ወዳጄ ይሁን የሟቹ ልጅ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። እሱ ራሱ መለየት የሚችል አይመስለኝም።

አሁን እማዬን ሊጠይቅ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይመጣል። እሷ ናት የምትጠራው። በሩን እከፍትለታለሁ፣ «እንደምን ዋልሽ» ይለኛል፣ «ግባ» እለዋለሁ። ከዚያ ነጠላዬን አንስቼ እወጣለሁ፤ አሁን ማንም ሳይልከኝ።