ለጂፔ ዘይት የመረጡልኝ ሰዎች

የባሌን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ወሎ ያደገ ሰው የባልን ታላቅ አንተ አይልም፤ እናቴ ብትሰማ ታፍርብኛለች። እዚህ ግን ስለማይሰማኝ አንቱታውን ላንሳበት። ስለ ሞተር ዘይት ሲያወራ ለሰማው ሰው አንተም ይበዛበታል።

ማር ነጋዴ ነኝ። ሱቄ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ነው፤ ማሩን ግን እዚያ ድረስ እስኪያመጡልኝ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ከተምቤን ተራሮች ጀርባ ቀፎ ያላቸው ገበሬዎች ደጅ ድረስ ራሴ እየነዳሁ እሄዳለሁ፤ ቀምሼ፣ ስኳር ያልገባበትን ከገባበት ለይቼ እገዛለሁ። ጂፑንም የገዛሁት ለዚሁ ነው። አሮጌ የናፍጣ መኪና ነው፤ ከእኔ በፊት ስንት እጅ እንደዞረ እግዜር ይወቅ። በአንደኛ ማርሽ ድንጋይ ለድንጋይ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፤ ተራ ዘይት እዚያ ላይ እንደ ውሃ ይቀጥንና ወዲያው ይጠቁራል። ስለዚህ ሲንቴቲክ ዘይት ነበር የማደርግለት፤ ጋሎኑ ላይ አስር አርባ የሚል ቁጥር ያለበትን። ሞተሩና ዘይቱ ተስማምተው ነበር።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ከተማው ያለችውን እያብቃቃ ሲቆይ ጂፑም ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆመ። መንገዱ ሲከፈት ብዙ ነገር ተመልሶ መጣ፤ የእኔ ዘይት ግን በዚያው ጠፍቶ ቀረ። በምትኩ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው፣ ነብርና አውሮፕላን የተሳለባቸው ጋሎኖች ሱቆቹን ሞሏቸው።

"ሌላ ዘይት መምረጥ ሊኖርብኝ ነው" ብዬ ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ደግሞ ለወንድሙ ነገረው።

ይህ ወንድሙ በሕይወቱ የሞተር ዘይት በእጁ ቀድቶ አያውቅም። ሮማናት አደባባይ ዳር አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ እያማሰለ የሰው መኪና ያክማል። ዙሪያውን እንደ እሱ ያሉ ጓደኞቹ አሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝና ሄድኩ።

"ነይ ሓፍተይ፣ ኮፍ በሊ" አለኝ፣ ወንበር እየሳበ። "የመኪናሽን ነገር ስንመክርበት ነው የዋልነው።"

"ተቸገራችኋል" አልኩ።

"አስር አርባ ድሮ ቀረ። የዘይት ነገር እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥራቱ ከፍ ይላል። አሁን ዓለም የሚጠቀመው ዜሮ ሃያ ነው። ከዜሮ በታች ደግሞ ምን አለ? ምንም!"

ጓደኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጋሼ፣ ዜሮ ሃያ እኮ ቀጭን ዘይት ነው" አልኩት። "ለአዲስ ሞተር የተሠራ ነው። የእኔ ሞተር ሽማግሌ ነው፤ ዘይቱን አፍነው የሚይዙት ጎሚኒዎች ደርቀዋል። ቀጭን ዘይት ሲያገኝ ያፈሰዋል።"

በረንዳው ሙሉ ሳቀ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ መኪናውን ሸጦ በባጃጅ የሚሄደው፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለና "አንቺ ማር ነጋዴ አይደለሽ? ማርና ውሃ ብታፈሺ የትኛው ቶሎ ይደርሳል?" አለኝ።

"ውሃው ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ያልቃል።"

"ዋእ!" አለ፣ ቀልድ የነገርኩት መስሎት። ለማኪያቶው አመስግኜ ተነሣሁ። እኔ የሄድኩት ሳልስማማ ነው፤ እነሱ ግን ክርክሩን ትቼ መነሣቴን እንደ እሺታ ቆጠሩት። የማያውቅ ሰው መጥፎነቱ አለማወቁ አይደለም፤ ክርክር የተወ ሁሉ የተረታ የሚመስለው መሆኑ ነው።

በዚያ ሰሞን በባሌ ቤተሰብ ውስጥ ከሀገረ ሰላም ወዲያ ሰርግ ነበር። በዋዜማው እኔ ሱቅ ውስጥ ማር ሳጣራ ባሌ ጂፑን ሊያሳጥበው ወሰደው። ሲመለስ ታጥቦ ያብረቀርቃል። እሱ ግን በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

"ወንድሜ ዘይቱን አስቀየረልሽ" አለኝ። "ስጦታ ነው አለ።"

"የትኛውን ዘይት?"

"ዜሮ ሃያውን።"

"አንተስ ዝም አልክ?"

"ታላቄ ነው። ምን ልበለው?"

ባሌ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱ ግን ሁልጊዜ የሚያስከፍለው እኔን ነው። ዘይቱን ላስገለብጥ ብል ጋራዡ ተዘግቷል፤ ነገ ማልደን ካልተነሣን ደግሞ ሙሽራው ሳይወጣ አንደርስም። አስር አርባ የሚል ምንም ጋሎን ቤት ውስጥ አልነበረኝም። ጥርሴን ነክሼ አደርኩ።

በማግስቱ ታላቅየው እንደ ማዕረጉ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ባሌ ከስጦታው ብርድ ልብስና ከሙክቱ ጋር ከኋላ ገባ። ታላቅየው ከከተማ እስክንወጣ ድረስ ሞተሩ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ሲነግረኝ ነበር። "ስሚው! ድመት ነው የሚመስለው!" ዳገቱ ሲጀምር ድመቷ ማቃሰት ጀመረች። ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ከዚያ ፊቴ ያለችው ቀይዋ የዘይት መብራት በራች።

"አትጨነቂ፤ ሽቦ ነው" አለ። "የድሮ መኪና መብራቱ ይሳሳታል። ንጂ!"

ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

"ማን አቁሚ አለሽ?"

"መብራቱ።"

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የዘይት መለኪያውን ሳወጣው ጫፉ እንኳ አልረጠበም። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ከጂፑ ሆድ ሥር የጀመረ ጥቁር መስመር የመጣንበትን መንገድ ይዞ እስከ መታጠፊያው ይወርዳል። ስጦታዬ አስፋልት ላይ ፈሶ አለቀ። ትንሽ ጨምሬ ብነዳ ኖሮ ሞተሩ ይጣበቅ ነበር፤ ሞተሩ ከተጣበቀ የእኔም ንግድ አብሮ አለቀ። ባሌ ወርዶ መለኪያውን ተቀበለኝና ወደ ቦታው መለሰው።

ታላቅየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አነዳድሽ ነው" አለ። "ዘይቱማ አንደኛ ነው።"

ለእሱ መልስ መስጠት ድንጋይ ላይ ማር መቀባት ነው። ባሌ በሰርግ ሸሚዙ ጂፑ ሥር ተንፏቆ ገባ፤ ሲወጣ ሸሚዙ ሸሚዝ አልነበረም። ያየውን ነገረኝ፤ ከየጎሚኒው ይንጠባጠባል።

ብዙ ከቆየን በኋላ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና መጣ። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ፣ የባሌን ሸሚዝ አይቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪጠግብ ሳቀ። ከዚያ ወርዶ ከወንበሩ ኋላ የራሱን መኪና ዘይት በጀሪካን አወጣልን። ወፍራም፣ ተራ ዘይት ነው።

ታላቅየው ይኼን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጂፑ ወረደ። "ሲንቴቲክ ነው?" ብሎ ጠየቀው።

ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየው። "አባት፣ ዘይት ነው።"

ሞላሁት። በየዳገቱ አናት እየቆምኩ፣ እየለካሁ፣ እየጨመርኩ ደረስን። ሙሽራው ወጥቶ፣ ምሳው ሊያልቅ ነበር። ታላቅየው ግን የስዋ ዋንጫ እንደ ጨበጠ ዳሱ መሐል ቆሞ ታሪኩን ሲያወራ ሰማሁት፤ በአማርኛ አልነበረም፤ ትግርኛዬ ግን ለዚህ ለዚህ ይበቃል። እሱ ያስቀየረው ዘይት ምርጥ ባይሆን ኖሮ ሞተሩ መንገድ ላይ ይነድ ነበር አለ። ሰዎቹ ስለ ጥበቡ አመሰገኑት። አንዲት አሮጊት መርቀውታል። ባሌ እንጀራውን ያያል። እኔ በላሁ፤ ስለ ራበኝ።

መቀሌ ስንመለስ ጂፑን ዓይናለም በኩል ያለ ጋራዥ አስገባሁት። የደረቁት ጎሚኒዎች ተቀየሩ፤ የተቀላቀለው ዘይት ተገለበጠ፤ ፊልትሮውም አዲስ ገባ። አሁን ዘይት ልመርጥ ባሌን አስከትዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ሻጩ እኔን አልፎ "ለመኪናህ ምን ልስጥህ?" አለው ባሌን። ባሌ እኔን አየኝ፤ ሻጩን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሷን ጠይቃት" አለ። "መኪናው የሷ ነው። የምታውቀውም እሷ ናት።"

ይቺ ቃል ከአፉ እንድትወጣ አንድ ሞተር ሊጣበቅ ነበር።

ሻጩ ነብር የተሳለበት ጋሎን አቀረበልኝ። "ኦርጅናል ነው እህቴ፤ ከዱባይ።" አገላብጬ አየሁት። የክዳኑ ማሸጊያ ተነካክቷል። ፊቱ ላይ አስር አርባ ይላል፤ ጀርባው ላይ ሃያ ሃምሳ።

"የትኛውን ልመን?"

"ሁለቱንም ይሆናል" አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ቀጥሎ ያለው ሱቅ ውስጥ ሥዕል የሌለበት ግራጫ ጋሎን አገኘሁ። አስር አርባ፤ ሲንቴቲክ፤ ለናፍጣ ሞተር፤ ማሸጊያው ያልተነካ፤ የፊቱና የጀርባው ቁጥር አንድ። ሻጩ ጉርሻ ጎርሶ ስለነበር ሊያሞግሰው አልቻለም፤ ይህም ለዘይቱ ጠቀመው። ያንን ገዛሁ፤ ጋራዡ ድረስ ይዤ ሄጄ ራሴ ሞላሁት።

በሚቀጥለው የማር ጉዞ ባሌ አብሬሽ ልሂድ አለ። ያችው ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለ፤ መብራቱ አልበራም፤ ከሥራችንም የሚንጠባጠብ አልነበረም። አናቱ ላይ ስንደርስ ባሌ ስለ ዘይት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ዞሬ አየሁት። መልሶ ዘጋው።