ከወሰኑ ድንጋይ በላይ

የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ሲነካ የሚነሣውን ሽታ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ልጆቼ ሊያሸቱት ወደ በረንዳ ይሮጣሉ፤ እኔ ግን ተነሥቼ መስኮት እዘጋለሁ። ለእኔ የተቆፈረ አፈር ሽታ ነው፣ በእናቴ ጥፍር ውስጥ፣ በታናሽ ወንድሜ በአሊ አፍ ዙሪያ፣ በእኔም ምላስ ላይ አንድ በጋ ሙሉ የከረመ ሽታ።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነበር። አባቴ ይማም የሰው መሬት እያረሰ ገብስ የሚዘራበት ማሳ ነበረን፣ ከማሳው በላይ ደግሞ ሣር የለበሰ ቀጥ ያለ ዳገት። ዳገቱን «ክልክሉ» እንለው ነበር። ማረስ ክልክል፣ መቆፈር ክልክል፣ ከብት መልቀቅም ክልክል ነበር፤ በኅዳር ብቻ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ይታጨዳል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ሕግ እኩል ይፈራው ነበር። «ተራራውን የያዘው ሣሩ ነው» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ፤ እኔ ግን ሣር ደግሞ እንዴት አድርጎ ተራራ ይይዛል እያልኩ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

የክልክሉ እውነተኛ ባለቤቶች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ነበሩ። ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲግጡ ይውሉና፣ ገብሱ ሲያሸት ወደ ማሳችን ይወርዱ ነበር። የእኔ ሥራ ወንጭፍ ይዤ እነሱን መመለስ ነበር። በእኛና በእነሱ መካከል አንድ ትልቅ የወሰን ድንጋይ ነበረ። «እስከ ድንጋዩ አባሪያቸው፤ ከዚያ በላይ ግን እንዳትከተያቸው፣ እዚያ ቤታቸው ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። ደህና ጎረቤታሞች ነበርን፤ እነሱ ይሰርቃሉ፣ እኔ እሳደባለሁ፣ ሲመሽ ሁላችንም ወደየቤታችን እንገባለን።

ከዚያ አንድ ዓመት በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ደመናውን አሳይቶን አለፈ። አንደኛው በሬያችን ሞተ፣ ሁለተኛውን አባቴ መካነ ሰላም ነድቶ ሸጠውና፣ በዋጋው ያመጣው እህል ወር ሳይደርስ አለቀ። የቀረችን ምሰሶው ላይ የተሰቀለች አንዲት ስልቻ የዘር ገብስ ብቻ ነበረች። አባቴ አፏን በጠፍር ጠፍንጎ፣ «ይቺ የምትበላ አይደለችም። ዝናቡ መጥቶ ባዶ እጃችንን ካገኘን፣ ያኔ ነው የምናልቀው» አለ።

እናቴ አንድ ጠዋት ደጃፍ ቆማ ዝንጀሮዎቹን ስታይ ቆየች። ሣሩ ደርቋል፣ እነሱ ግን መሬቱን በጣታቸው እየጫሩ አንዳች ነገር እያወጡ ይበላሉ። «እነሱን ያልገደለ እኛንም አይገድለን። ያ ረቢ፣ አንተው ይቅር በለን» አለችና ዶማዋን ይዛ ከወሰኑ ድንጋይ በላይ ወጣች። እኔም ወንጭፌን ይዤ ተከተልኳት። ያገኘነው የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ የሚያህል መራራ ሥር ነበር፣ ቀቅለን በላነው። በሳምንቱ የመንደሩ ሴት ሁሉ ዳገቱ ላይ ነበረች፤ ሽማግሌዎቹም እያዩ አቀረቀሩ እንጂ የከለከለ አልነበረም። እኔም ዝንጀሮዎቹን ከገዛ ቤታቸው እያባረርኩ የቆፈሩትን እቀማቸው ነበር። በጋው ሳያልቅ ዳገቱን ጥለውልን ሄዱ።

አሊ አራት ዓመቱ ነበር። ሥሩ አልተስማማውም፤ ሆዱ ተነፋ፣ እግሮቹ ቀጠኑ። ተኝቶ ስልቻዋን እያየ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ቆሎ» ይል ነበር፣ ሌላ ቃል የረሳ እስኪመስለኝ ድረስ። እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ አንቱ ነበር የምትለው። «በነቢ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ጭብጥ ብቻ ይፍቱልኝ» አለችው።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ዛሬ አንድ ጭብጥ ካልኩ ነገም ሌላ ጭብጥ ነው። ይቺስ ልጅ?» አለ። ይቺ ያላት እኔን ነበር። አሊ ሚያዝያ ሳይወጣ ሞተ። በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም፣ ያን ቀን ግን አቅም ያለው ወንድ ስለጠፋ እኔና እናቴ ሥር በምንቆፍርበት ዶማ አባቴን አገዝነው። አባቴን በጣም ጠላሁት።

በሰኔ ዝናቡ መጣ። አባቴ ስልቻዋን ፈታ፣ በሬ ስላልነበረን በዶማ ቆፍረን ዘራን፣ ገብሱም በቀለ። ሐምሌ ላይ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሳየው ሳላስበው ደስ አለኝና ወዲያው አፈርኩ። ከዚያ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከበላያችን የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ሰምተን ስንወጣ፣ ያ ጉድጓድ በጉድጓድ ያደረግነው ክልክል ተንዶ ማሳችን ላይ ተኝቷል። ከወሰኑ ድንጋይ በቀር ባለበት የቀረ ነገር አልነበረም። ለካ እውነትም ተራራውን የያዘው ሣሩ ነበር። አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በእጁ መቆፈር ጀመረ። እናቴ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ይማም» አለችው። «ለጭቃ ልትሰጠው ነው ከልጄ የነፈግኸው?»

አባቴ እስኪመሽ ድረስ ጭቃውን መቆፈሩን አላቆመም።

በመስከረም ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ ተባለ። እኛ ያን ጊዜ መካነ ሰላም ለእርዳታ ስንዴ ተሰልፈን ነበር። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ በሌላው ዓመት ዘማች ተማሪዎች ገመድ ይዘው መሬት ሊያከፋፍሉ መጡ። አንዱ ልጅ እግር፣ «አባባ፣ ደስ ይበልዎ፣ ከእንግዲህ ይህ መሬት የራስዎ ነው» አለው አባቴን። አባቴ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ያስቀረውን ቋጥኝ አየና፣ «የትኛው መሬት፣ ልጄ? መሬቱማ ዓባይ ወርዷል» አለው። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ዛሬ እኔም እናት ሆኜ፣ ከእናቴና ከአባቴ ማን ልክ እንደነበረ ብጠየቅ አላውቅም። ዳገቱን ባንቆፍር ኖሮ እኔም ከአሊ ጎን ነበርኩ፤ ያን ተራራ በልቼ ነው ያደግሁት። አምና ሄጄ ነበር። ወጣቶች እርከን እየሠሩ ችግኝ ይተክላሉ፣ ጭላዳዎቹ ግን አልተመለሱም። ያኔ ከወሰኑ ድንጋይ በላይ ሣር፣ ከበታቹ ገብስ ነበር፤ ዛሬ ከላይም ከታችም ጠጠር ነው። ወጣቶቹ፣ «እማማ፣ ይለፉ እንጂ፣ መንገድ አለው» አሉኝ። የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ከድንጋዩ በታች እንደቆምኩ ቀረሁ።