ጣታቸውን ያላወቀው ስልክ

ባለፈው ሳምንት ነው... መተማ ዮሐንስ ባለችው የስልክ መጠገኛ ቤቴ ቁጭ ብዬ የአንዱን ስልክ ቻርጅ መሰኪያ ስበይድ፣ አንድ ሰውዬ ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ገቡ። ከሰሊጥ አጨዳ እንደመጡ ልብሳቸው ይናገራል።

አያ ታከለ ይባላሉ። የጎጃም ሰው ናቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር ለአጨዳ ወደ ኮኪት በረሃ ይወርዳሉ።

«እታለም፣ ይች ስልክ ጣቴን አላውቅም ብላኛለች። ተችዋ ሞቷል መሰለኝ፣ ቀይሪልኝ» አሉኝ።

ተቀበልሁና ነካ ነካ አደረግኋት። ደህና ናት። መለስሁላቸው... እሳቸው ሲነኳት ዝም። እኔ ስነካት ትሠራለች፣ እሳቸው ሲነኳት ድንጋይ ትሆናለች። ግራ ገባኝና «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አልኋቸው።

የጣቶቻቸው ጫፍ በማጭድና በሰሊጥ አገዳ ጠጥሮ፣ እንደ ግራር ልጥ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁና አንዷን ጣት ደህና አድርጌ አራስኋት። «አሁን ይሞክሩ።»

ስልኩ ተከፈተ። እኔ ሳቅሁ... እሳቸው አልሳቁም።

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«መስተዋቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ነገር ተቀብቷል፣ አባቴ። ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የሰው ገላ ሲነካው የሚያውቀው በዚያ ነው። የእርስዎ ጣት ግን ደርቆ ስለወፈረ አልተሰማውም።»

«እና ስልኩ አልተበላሸም?»

«ምንም አልሆነም።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ።

ደሳለኝ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው። በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ከአጨዳው መሀል፣ አመሻሽ ላይ፣ የዚያ የወንድማቸው ስም ስልካቸው ላይ በራ።

«ደንግጬ ቆምሁ» አሉኝ። «ላነሳው ብዬ ብጎትት ብጎትት... እምቢ አለኝ። እስኪዘጋ ድረስ ስሙን እያየሁ ቀረሁ። በማግሥቱም ደወለ። ለጓደኞቼ ሰጠኋቸው፣ የእነሱም እጅ ያው የእኔው ነው። ከዚያ ወዲያ እሱም መደወሉን ተወው።»

«ምነው ያን ጊዜ ወዲህ ብቅ ቢሉ?»

«ሰሊጥ ቀን ይሰጣል እንዴ? ከዘገዩበት ይረግፋል። የሰው ንብረት ነው።»

ጣታቸውን እንደገና አራስሁላቸው። ለወንድማቸው ደወሉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«ደሴ... እኔ ነኝ» አሉ አያ ታከለ።

«አውቄሃለሁ አያ» አለ ወንድማቸው።

«ደውለህልኝ ነበር...»

«ደውዬ ነበር። ወንድ ልጅ ተወለደልኝ። ለክርስትናው መጥተህ ስሙን አንተ እንድታወጣለት ነበር። በዚያውም ያለፈው ይቅር ብዬ።»

አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንድማቸው ልጅ አጥቶ በስንት ጠበል እንደተንከራተተ ኋላ ነው የነገሩኝ።

«ስልኩ ጣቴን እምቢ ብሎኝ ነው እኮ ያላነሳሁት፣ ደሴ።»

ወንድማቸው «አያ፣ አልፈልግህም ማለት ይቻል ነበር። በስልክ ማሳበብ ምን አስፈለገህ?» አላቸው።

አያ ታከለ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። «ንገሪው እታለም። ያን የመስተዋቱን ነገር ንገሪው።»

ነገርሁት። መስተዋቱ ላይ ስለተቀባው ስስ ነገር፣ ስለ ደረቀ ጣት... አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ግን ስናገረው ለራሴም ውሸት ውሸት መሰለኝ።

ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ በትሕትና «ዘመድሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይደሉም፣ ስልክ ሠሪ ነኝ» አልሁት።

«ለማንኛውም ልጁ ስም ወጥቶለታል። ማንአለኝ ብዬዋለሁ» አለና ዘጋው።

አያ ታከለ ስሙን በልባቸው ሲደግሙት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀና ብለው «ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና አሁን ይገኛል?» አሉኝ። ከጓደኞቻቸው ጋር ለማሽላው አጨዳ ሊቆዩ ነበር፣ ተዉት። መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋቸው። ቁጥሬን ስልካቸው ላይ መዝግቤላቸው ተሳፈሩ።

ትናንት ደወሉልኝ።

«ደረስሁ እታለም። ደሴ በሩ ላይ ቆሞ በግድ ነበር የጨበጠኝ። ሲጨብጠኝ ግን እጄን አለቀቀውም። አገላብጦ አየው... አለቀሰ። ታረቅን።»

«ተመስገን» አልሁ።

«ተመስገን ነው። የልጁ ስም ግን እንደዚያው ነው፣ አገሩም ለምዶታል። እኔ ወንድምአገኘሁ ብዬዋለሁ... በዚህ የምጠራው ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

እኔም ከእንግዲህ፣ የደወልሁለት ሰው ባያነሳ ቶሎ አልቀየምም።