የማርታ ካርድ

ባለፈው ሳምንት ሚዛን ከተማ ምሳ ልበላ የገባሁበት ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁ አይሰማም፤ ምስሉ ብቻ ይታያል። የእግር ኳስ ሰዓት የሚጠብቁ ወጣቶች ጣቢያ ሲቀያይሩ፣ ሰፊ መስክ ላይ ሴቶች ቀጭን ዱላ ይዘው ትንሽ ነጭ ኳስ ሲመቱ ብቅ አሉ።

«ይኼ ደግሞ የምን ጨዋታ ነው?» አለ አንዱ።

«ጎልፍ ነው» አልኩት። «ሦስት ሦስት ሆነው ለየአገራቸው ነው የሚጫወቱት። እኔም ተጫውቼዋለሁ።»

ልጆቹ ተያዩና በጨዋነት ፈገግ አሉ። እንዳላመኑኝ ገባኝ። አልፈርድባቸውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረች፣ ጥላዋ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሴትዮ እንዲህ ስትል ማን ያምናል? እኔ ግን ጥብሴ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማርታን ሳስብ ቆየሁ።

ያደግሁት ቴፒ፣ ቡና እርሻው ውስጥ ነው። አባቴ የትራክተር ነጂ ነበር፤ ከጎጃም ለሥራ መጥቶ የማሻዋን እናቴን አግብቶ በዚያው የቀረ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ከእርሻው የሄደ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ስድስት የጎልፍ ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶ ነበር። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ ጋሽ በየነ እጅ ገባ። ጋሽ በየነ የእርሻው እንግዳ ማረፊያ አትክልተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የጎልፍ ተጫዋቾችን ዕቃ እየተሸከሙ ጨዋታውን ከነሕጉ ተምረውታል። አውሮፕላን እምብዛም በማያርፍበት የሣር ሜዳ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ እየቀበሩ ዘጠኝ ጉድጓድ አበጁ። ባንዲራው ሸምበቆ ላይ የታሰረ ጨርቅ ነው። ሣሩን የሚያጭዱልን የሰው ከብቶች ናቸው።

መጀመሪያ ላይ የሄድነው ለመሳቅ ነበር። ምንትዋብ፣ ማርታና እኔ በአንድ ክፍል እንማር ነበር። ምንትዋብ የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ፣ ረጅም፣ ኳሷን ስትመታ የምታስጮህ። ማርታ ደግሞ የሸኮ ልጅ፣ ወላጆቿ ቡና ለቃሚዎች፣ ራሷ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምር፣ ዝምተኛ። ጋሽ በየነ አንድ ቀን ዱላውን ሰጡንና «ሣቁን ተዉትና ሞክሩት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሜዳውን አልተውነውም። ኳስ እየሳተ ቡናው ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። ቡና ሲለቀም ግን ለቃሚዎቹ ከቅርንጫፉ ሥር ያገኙትን ከቀዩ ፍሬ ጋር በቅርጫታቸው ይዘውልን ይመጡ ነበር። የማርታ እናት አንድ ጊዜ ሰባት ኳስ በነጠላዋ ቋጥራ አመጣችልን።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን ወይዘሮ ሰናይት የሚባሉ የአዲስ አበባ ሴት ለቡና ሥራ ቴፒ መጡ። ጎልፍ የሚጫወቱ ሴት ናቸው። ሜዳውን አይተው ሣቁ፤ እኛን ሲያዩ ግን ሣቃቸውን አቆሙ። ኬንያ ውስጥ ጨዋታው መተዳደሪያቸው ያልሆነ ሴቶች፣ አማተሮች የሚባሉት፣ የቡድን ውድድር ሊደረግ፣ ሰባት አገር ሊሳተፍ፣ የእኛን ቡድን የሚያዋቅሩት እሳቸው ግን ሦስት ሴት አጥተው ሊቀሩ ነበር። በዓመቱ ጠሩን።

እናቴ ለመንገድ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ ቆጭቆጫውን፣ በጠርሙስ አድርጋ ሰጠችኝ። ነሐሴ ነበር። ከቴፒ እስከ ሚዛን ያለው ጭቃ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ውጦት፣ ወርደን ገፍተናል። ቦንጋ ላይ ስናድር ጫማችን በቀይ አፈር ተለስኖ ከእግራችን መጠን በላይ ሆኖ ነበር። ጋሽ በየነ አብረውን ናቸው፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዱላዎቹን እንደ ሕፃን ታቅፈው። ጅማን አልፈን አዲስ አበባ አንድ ወር ልምምድ አደረግንና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

የውድድሩ ደንብ ቀላል ነው። ከየአገሩ ሦስት ሴቶች በየቀኑ ይጫወታሉ፤ ከሦስቱ የተሻሉት የሁለቱ ውጤት ብቻ ይደመራል። ምት ያነሰለት ያሸንፋል። ምት ተጽፎበት የተፈረመ ሁለት ካርድ ያላስገባ ቡድን ግን ከውድድሩ ይወጣል። ውድድሩ ሦስት ቀን ነው፤ ሁለቱን ቀን ከሰባት ስድስተኛ ሆነን ዋልን። ወይዘሮ ሰናይት «የመጨረሻ አንሆንም! አንሆንም!» እያሉ እጃቸውን ያፋትጉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ማርታ ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ወባ ነው፤ የቴፒ ሰው ሐኪም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቷት እንድትተኛ አዘዘ። ወይዘሮ ሰናይትም «ተኚ ልጄ፤ የሁለቱ ካርድ ይበቃናል» አሏት።

«የመጣሁት ለመተኛት አይደለም» አለች ማርታ። «ተራዬ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ይተወኛል።»

እኔ መጀመሪያ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ዱላው ከእጄ ጋር የተፈጠረ መሰለኝ። በአሥራ አራተኛው ጉድጓድ ኳሴ ከዛፎች ሥር ገባች። ጎንበስ ብዬ አጠገቧ የተኛውን ደረቅ ጭራሮ ሳነሣ ኳሷ ተንከባለለች። የአንድ ጣት ስፋት ያህል። በሕጉ ኳሷን ወደ ቦታዋ መልሼ በራሴ ላይ አንድ የቅጣት ምት መቁጠር ነበረብኝ። ቀና ብዬ አየሁ። አብራኝ የምትጫወተውና ምቴን ካርዱ ላይ የምትጽፍልኝ የኡጋንዳ ልጅ ፊቷን አዙራ የራሷን ኳስ ትፈልጋለች። ማንም የለም። መታኋት፤ ኳሷም በዛፎቹ መካከል እንደ ወፍ ሾልካ ወጣች።

ሲያልቅ ካርዱን ፈረምኩና ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። ወይዘሮ ሰናይት አቅፈው አሽከረከሩኝ። ምንትዋብም ጥሩ ቁጥር ይዛ ገባች። ተደምሮ አምስተኛ ልንሆን ነው ተባለ። ባቄላና ቻፓቲ ቀረበልኝ። አልወረደልኝም። በየጉርሻው መካከል ያቺ የአንድ ጣት ስፋት ትመጣብኛለች። ለራሴ ብዙ ነገርኩት፦ ትንሽ ናት፣ ማንም አላየ፣ ባትንቀሳቀስም እንዲሁ እመታት ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል ምን ያህል አንደበተ ርቱዕ ይሆናል! ግን ቀና ብዬ ዙሪያዬን ያየሁት እኔው ነኝ። ጥፋት መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ለምን ዙሪያዬን አያለሁ?

ጋሽ በየነ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዱላ ይወለውሉ ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጨርቁን አስቀመጡ። «ካርዱን ፈርመሽ ሰጥተሻል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያው የተሳሳተ ቁጥር ፈርመሻል፤ ካርድ የለሽም፤ ከነገርሻቸው ይሰርዙታል።»

«ካልነገርኳቸውስ?»

«ካልነገርሻቸውማ እኔና አንቺ ብቻ እናውቀዋለን።» ከዚያ ወደ ሜዳው እያዩ «ማርታ አሥረኛው ላይ ናት፤ ሣር ላይ ተቀምጣ አይቻታለሁ» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። የእኔ ካርድ ተሰርዞ ማርታ ካልጨረሰች የቀረን የምንትዋብ ካርድ ብቻ ነው፤ ቡድኑ ከውድድሩ ይወጣል። የሦስት ቀኑ ድካም፣ የእናቴ ቆጮ፣ የተገፋው አውቶቡስ፣ ሁሉም ገደል ይገባል። ያም በእኔ ምክንያት።

«ምን ላድርግ ጋሼ?»

«እሱን እኔ አልወስንልሽም፣ ዘነቡ። ያስተማርኩሽ ግን ለብቻሽ ስትሆኚ እንድትቆጥሪ ነው።»

ወደ ውድድሩ ዳኛ የሄድኩበት መንገድ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ዳኛዋ ሽበት ያላቸው ኬንያዊት ነበሩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ጣቴን እያሳየሁ ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ካርዴን ፈልገው አወጡና ረጅም መስመር አሰመሩበት። እጄን ግን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ወይዘሮ ሰናይት ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ለአንዲት ጣት!» አሉ። «ለአንዲት ጣት ብለሽ!» ምንትዋብ ጥላ አነሣችና «ነይ፣ ማርታ ጋ እንሂድ» አለችኝ።

አሥራ ሦስተኛው ላይ አገኘናት። ሹራቧን ደርባ፣ ላብ እያጠመቃት፣ ከንፈሯ ነጥቷል። በምት መካከል ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ትመታለች። ማንም ሊመታላት አይችልም፤ እኛ የምንችለው ጥላ መያዝና ውኃ ማቀበል ነው። የእኔን ነገር ልነግራት አልደፈርኩም፤ ሸክም መጨመር መሰለኝ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ግን ራሷ «ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ስለዚህ የእኔ ይቆጠራል ማለት ነው?» አለች።

«ከጨረስሽ።»

«እሺ» አለችና ዱላዋን ተመርኩዛ ተነሣች።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ቁጥቋጦ ጥግ ሄዳ አስመለሳት። ከእሷ ጋር የሚጫወቱት ልጆች ቆመው ጠበቋት። በአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ባለው ሣር ላይ ኳሷ ሁለት ክንድ ሲቀረው እንደገና ብርድ ብርድ አላት። ገፋችው፤ አለፈ። መልሳ ገፋችው፤ ጠርዙ ላይ ቆመ። ጋሽ በየነን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በሦስተኛው ገባ።

ግን አላበቃም። ካርድ አለ። ማርታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአንደኛው እስከ አሥራ ስምንተኛው አንድ በአንድ፣ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና «እዚህ ስድስት አይደለም፣ ሰባት ነው» ብላ አስጨመረች። ከዚያ ፈረመች። ዳኛዋ አዩት፣ ቁጥሩን ደመሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተቆጠረ።

ከሰባት አገር ሰባተኛ ሆንን። የመጨረሻ። እኔ ግን ያን ሰዓት በደረቴ ውስጥ የሆነውን ነገር ዛሬም በቅጡ ልገልጸው አልችልም። ስንት ሰዓት ታፍኖ የቆየ አየር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሣር ላይ ተዘርግቼ ሣቅሁ፤ ምንትዋብም ከጎኔ ወደቀች። ወይዘሮ ሰናይት መጀመሪያ ቆመው አዩን፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው አጠገባችን ተቀመጡ። «አንቺ እብድ» አሉኝ፤ ቀጥሎ ፀጉሬን አሻሹኝ። ያኔ ራበኝ። የተረፈውን ቻፓቲ ቀዝቅዞ በላሁት፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ጥቂት ነው።

ማርታ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ዳነች። ልጠይቃት ስገባ ትራሷን ደገፍ ብላ ሾርባ ፉት እያለች ነበር።

«ማርትዬ፣ በእኔ ምክንያት ልትሞቺ ነበር» አልኳት።

«በአንቺ ምክንያት?» አለች። «ባትነግሪያቸውም እጨርስ ነበር እኮ። ይልቅ ነግረሻቸው የእኔ ተቆጠረ። አለዚያ ያን ሁሉ ለፍቼ የሚጣል ካርድ ነበር።»

እስከዛሬ በዚህ ንግግሯ አንዳንዴ ብቻዬን እሥቃለሁ።

ማርታ አሁን ቴፒ ናት፤ አናናስና ሙዝ በመኪና አስጭና ትነግዳለች፣ አራት ልጆች አሏት። ምንትዋብ አዲስ አበባ ናት። ጋሽ በየነን ቀብረናቸዋል። እኔ ደግሞ ልጆች አስተምራለሁ፤ አንዳንዱ አጥፍቶ፣ ደብቆ፣ ምሳውን ሳይበላ ይውላል። ስጠራው እያነከሰ እንደሚሄድ ሰው እግሩን እየጎተተ ይመጣል። አልቸኩልበትም። ራሱ ሲናገርና ከቢሮዬ ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ፤ በሩን እንዳለፈ ይሮጣል። የተቀጣም ቢሆን ይሮጣል።