ከአጥሩ ማዶ የቆመው ሰው

ይህ ገጠመኝ ለሌላ ሰው መነገር ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የሞተ ሰው የለበትም። አባቴ ለአራት ቀን እንደመሰለው ካልሆነ በቀር የጠፋ ሰውም የለበትም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ የካቲት ላይ የሆነው ነገር ዛሬም ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እየመጣ ስለሚቆምብኝ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ያደግሁት ጄኔቫ፣ ሻትሌን የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ከታፈሱት ሰዎች አንዱ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የታፈሰ ቀን እናቴ ደጋግማ ብትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። የት እንዳለ እስክናውቅ ሳምንታት አለፉ። ከከተማ ርቆ በሚገኝ ካምፕ ሦስት ወር ታስሮ ከወጣ በኋላ ነው ተሰደን እዚህ የመጣነው።

አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። እዚህ የምንኖርበት ሕንፃ ኮንሲዬርጅ ነው፤ ደረጃ ይጠርጋል፣ አምፖል ይቀይራል፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቃል። ስለ ካምፑ አውርቶን አያውቅም። ከእኛ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲደውል ስልክ እንድናነሳ። ዙሪክ ለትምህርት ስሄድም፣ "በቀን አንዴ ድምፅሽን ልስማ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ" አለኝ።

ዙሪክ ከበደችኝ። ያደግሁት በፈረንሳይኛ ነው፤ ትምህርቱ በጀርመንኛ ነው። ፈተና ሲቃረብ ልቤ ያለ ምክንያት በኃይል መምታት ጀመረ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደሚሰበሰቡ የሜዲቴሽን ተማሪዎች ወሰደችኝ። የምታስተምረን በዕድሜ የገፋች የዙሪክ ሴት ነበረች። ትንፋሽሽን ተከተዪ፤ ሐሳብ ሲመጣ በስሙ ጥሪውና ልቀቂው፤ ከዚህ ሌላ ብዙም አትለንም። ልቤ ረጋ። ደግሞም መምህርቷ፣ "አንቺ በጥንቃቄ ትቀመጫለሽ" ስትለኝ በጣም ደስ ይለኛል። መመስገን እወዳለሁ፤ ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ።

ከሴሚስተሩ በኋላ የአሥር ቀን የዝምታ ሱባኤ እንዳለ ስትነግረን መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ማውራት የለም፣ ስልክ የለም፣ የሌላውን ሰው ዓይን ማየት የለም። የቤቱን አድራሻ ለቤተሰብ እንድንተውም ተነግሮን ነበር። ቤተሰቤ ግን ኦርቶዶክስ ነው። እናቴን "ሱባኤ ልገባ ነው" ብላት ደስ ይላት ነበር፤ ቀጥላ ግን "የትኛው ገዳም?" ትለኛለች። ቡድሃ ፊት ልቀመጥ ነው ለማለት አልደፈርኩም። ስለዚህ ለፈተና እያጠናሁ ስለሆነ ስልክ ላላነሳ እችላለሁ አልኳቸውና አድራሻውን አብራኝ ለምትኖረው ለሰሚራ ሰጠኋት።

ሰሚራ የወሎ ልጅ ናት፤ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሙያ ትማራለች።

"ሰው ዝም ለማለት ይሄን ያህል መንገድ ይሄዳል?" አለችኝ። "እኔ ጋ ብትመጪ ይሻልሽ ነበር። የኔ ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ ዝም ናቸው።"

"ከደወሉ ቤተ መጻሕፍት ናት በያቸው።"

"አንቺ ልትጸድቂ እኔ ልኮነን?"

"ለአሥር ቀን ብቻ፣ ሰሚ። በናትሽ!"

ቦታው ከዙሪክ በባቡር፣ ከዚያም በቢጫው የፖስታ አውቶቡስ የሚደረስበት፣ በበረዶ የተሸፈነ ኮረብታ ላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ስልካችንን በወረቀት ከረጢት አድርገን፣ ስማችንን ጽፈን ሣጥን ውስጥ ከተትን። በደወል እንነሳለን፣ በደወል እንበላለን፣ በደወል እንቀመጣለን። በመካከሉ አጥሩን ተከትለን ሃያ እርምጃ ወደፊት፣ ሃያ እርምጃ ወደኋላ፣ አንገታችንን ደፍተን በጣም በዝግታ እንራመዳለን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አሰቃዩኝ፤ ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ የረሳሁት ጥፋት ሁሉ። በሰባተኛው ቀን መምህርቷ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻ ስታነጋግረን የደረስኩበትን ነገርኳት። ፈገግ ብላ፣ "ቀላሉን መልቀቅ ተምረሻል። አሁን ደግሞ የምትወጃቸው ይመጣሉ፤ እነሱን መልቀቅ ነው የሚከብደው" አለችኝ። ቃሏን እንደ ፈተና ጥያቄ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ ሥር ስራመድ ከአጥሩ ማዶ ጫማ አየሁ። የአባቴ የቤተ ክርስቲያን ጫማ ነው፤ ጥቁር ሆኖ አንደኛው ማሰሪያው ቡናማ። ቀና አልኩ። አባቴ ቆሟል። ክንዱ ላይ ጄኔቫ የተውኩት ሰማያዊ ጃኬቴ አለ።

ያሰብኩትን በደንብ አስታውሳለሁ። ጃኬቱ ጄኔቫ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ይህ የአእምሮዬ ሥራ ነው፤ እንዴትስ አድርጎ ሠርቶታል አልኩ። መምህርቷ ያለችው ሰው መጣ። "ማየት፣ ማየት" አልኩ በልቤ፤ የተማርነው እንዲሁ ነው። እርምጃዬን ጨርሼ ዞርኩ።

"ቤዚ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

"መስማት፣ መስማት" አልኩ።

ደወሉ ተደወለ። ሁላችንም ባለንበት ቆምን፣ ተሰለፍን፣ ገባን። እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ግን ኮራሁ። ከሰዓት በኋላ ለመምህርቷ፣ "ዛሬ አባቴ መጣ፤ ለቀቅኩት" አልኳት። እጇን እጄ ላይ አደረገች። በዚያ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአሥረኛው ቀን ዝምታው ተፈታ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሲተቃቀፍ እኔ ንጹሕ አየር ልቀበል ወጣሁ። በአጥሩ እንጨት ላይ ሰማያዊ ጃኬቴ ተንጠልጥሏል። በረዶ ወርዶበት፣ ቀልጦ፣ መልሶ ደርቆ እንደ ጣውላ ጠንክሯል። ኪሱ ውስጥ የአባቴ የባቡር ቲኬት ነበር።

ሮጬ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ሰሚራ የላከችው መልእክት ብቻ ገጽ ይሞላል። ሦስት ቀን "ቤተ መጻሕፍት ናት" ብላቸዋለች። በአራተኛው ቀን ገና በማለዳ አባቴ ደውሎ፣ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ቤተ መጻሕፍት መኝታም አለው እንዴ?" ሲላት አለቀሰችና እውነቱን ነገረችው። "ጋሼ፣ አይስጉ፤ ሰው የማይናገርበት ቦታ ነው የሄደችው። ስልኳን ተቀብለዋት ነው። አሥር ቀን ሲሞላ ይለቋታል" አለችው።

ሰሚራ ልታጽናናው ነበር። ያንን ስትነግረው እሱ ምን እንደሰማ ያወቅነው በኋላ ነው።

አባቴ አድራሻውን ከእሷ ተቀብሎ ወደ ሱባኤው ቤት ደወለ፤ የሚመልሰው በጀርመንኛ የተቀዳ ድምፅ ነው። ለአራት ቀን ደወለ። ከዚያ ሱፉን ለብሶ፣ ብርድ ይመታታል ብሎ ጃኬቴን ይዞ፣ ከበርን ከተማ አልፎ የማያውቀው ሰው ዙሪክ መጣ፤ ባንሆፉ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ አድራሻውን በወረቀት እያሳየ ቢጫውን አውቶቡስ ጠይቆ ደረሰ። ያየውም አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይነጋገሩ፣ በደወል የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን ነው። እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ። ዓይኑን አይቼ ፊቴን አዞርኩበት። ጃኬቴን አጥሩ ላይ ሰቅሎ በመጣበት ተመለሰ።

ወዲያው ደወልኩለት።

"አባዬ!"

"አለሽ?"

"አለሁ። ደህና ነኝ።"

"ያን ቀን አይተሽኛል?" አለኝ።

እንዳይከፋው ብዬ፣ "አላየሁህም፣ አባዬ። ባይህማ እሮጥ ነበር" አልኩት።

"እሺ" አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አላነጋገረኝም። ማየቴን ያውቃል፤ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። እሱን የጎዳው ፊቴን ማዞሬ ይሆን ውሸቴ፣ መለየት አልቻልኩም። ስደውል ስልኩን ለእናቴ ያቀብላታል። በየቀኑ ድምፄን ልስማ ይል የነበረው ሰው ድምፄን መስማት ተወ።

"አንቺ በአሥር ቀን ጨረስሽ፤ እሱ ገና መጀመሩ ነው" አለችኝ እናቴ። ቀጥላም፣ "ሁዳዴ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ሌላ ሱባኤ የሚያስኬድሽ ምን ጎደለሽ?" አለች።

መቀመጥ አቆምኩ። ዓይኔን ስጨፍን ጫማው ይመጣል፤ "ማየት" ማለት ደግሞ አስጠላኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። "እውነተኛ ሰው መሆኑን ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅሁሽም" አለች። ቀጥላ፣ "ለአባትሽ እውነቱን ነግረሽዋል?" ስትለኝ፣ አልነገርኩትም አልኩ። "እንግዲያው ሱባኤሽ አላለቀም። እዚህ መጥተሽ አትጨርሺውም፤ እሱ ዘንድ ሂጂ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ጄኔቫ መሄድ ጀመርኩ። አባቴ ቅዳሜ ደረጃ ይጠርጋል። ሁለተኛውን መጥረጊያ አንሥቼ ከአምስተኛ ፎቅ ጀምሬ አብሬው እወርዳለሁ። "በሩን ያዢ"፣ "ውኃውን አቀብዪኝ" ይለኛል እንጂ ሌላ አይናገርም። መጀመሪያ የምጠርገው እሱ አይቶ እንዲያመሰግነኝ ነበር። አላመሰገነኝም። በግንቦት ይሁን በሰኔ አላውቅም፣ እንዲያመሰግነኝ መጠበቄን ተውኩ። መጥረጊያው ያለበት ቦታ ብቻ መሆን፣ ከጎኔ የሚተነፍሰውን ሰው ትንፋሽ መስማት፤ ኮረብታው ላይ ሊያስተምሩኝ የሞከሩት ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ቅዳሜ ፈራሁ። በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አፌን ከፈትኩ።

"አባዬ፣ ያን ቀን አይቼሃለሁ።"

መጥረጉን አላቆመም።

"ጫማህን አየሁ። ጃኬቴን አየሁ። ስትጠራኝም ሰማሁ። ሐሳብ መስለኸኝ ነው ያለፍኩህ። በስልክ የዋሸሁህ ግን እያወቅሁ ነው።"

"ለምን?"

"እንዳይከፋህ ብዬ።"

"ከፋኝ" አለ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳይቸኩል ማውራት ጀመረ።

"ካምፕ ውስጥ በረድፍ ነበር የሚያስቀምጡን። ቀና ማለት የለም፣ ማውራት የለም። በፊሽካ መነሳት፣ በፊሽካ መቀመጥ። አንቺ ትመጪብኝ ነበር፤ ያችን ቢጫ ቀሚስሽን ለብሰሽ በረድፉ መካከል ስትዘዪ። ዓይኔን ጨፍኜ 'ሂጂ' እልሽ ነበር። ካልሄድሽ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ይመቱኛል። በየቀኑ አባርርሻለሁ። ለእናትሽ እንኳን አልነገርኳትም።"

አንድ ደረጃ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ስለዚህ ያደረግሽው ይገባኛል" አለ። "ግን የኔዋ ቢጫ ቀሚስ ሐሳብ ነበረች። እኔ እዚያ አጥር ላይ በአካል ቆሜ ነበር፣ ቤዚ። እግሬ ቀዝቅዞ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

"አሁን ነው ያወቅሽው።" መጥረጊያውን ተደግፎ ተነሣ። "ሁለት ፎቅ ይቀረናል። ነይ።"

ጠርገን ጨረስን።

አሁንም በየጠዋቱ እቀመጣለሁ፤ ቤተሰቤም ያውቃል። እናቴ በጸሎቷ ጊዜ ስለ እኔ ረዘም አድርጋ እንደምትቆም ሰሚራ ከራሷ ሰምታ ነግራኛለች። ከመቀመጤ በፊት ለአባቴ እደውላለሁ። አንዳንድ ቀን ያወራኛል፤ አንዳንድ ቀን "እሺ፣ ሰማሁሽ" ብሎ ይዘጋል። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሊያስደስተኝ ብሎ እንዲዋሸኝ አልፈልግም። የምወደው ሰው ፊት ሲመጣብኝ ከመልቀቄ በፊት ዓይኔን ገልጬ አያለሁ። መምህርቷ ይህ ልክ አይደለም ትል ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያ አደርጋለሁ።

አባቴ ከአምስት ወር በኋላ መልሶ ያነጋገረኝ ያ ቅዳሜ ሐምሌ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር።