የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ

ጋምቤላ ክልል ሆና ገና ቢሮዎቿን በምታደራጅበት ዘመን፣ እኔም በነርስነት ተመድቤ በሄድኩ በስድስተኛው ወር የሆነ ነው። ዛሬም የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም አፍራለሁ።

የስድስት ዓመት ልጄ አዲስ አበባ የዓይን ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ነበራት። ካለፈ አንዱ ዓይኗ እንደማይተርፍ ተነግሮኛል። ወቅቱ የወባ ስለነበር ፈቃድ ተከለከልኩ። ጎረቤቴ ታዲያ ኦባንግ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ለስብሰባ እንደሚበር ነግራኝ አገናኘችን።

ኦባንግ ዝምተኛ ነው። ልጄን አደራ ስለው "እሺ" ብቻ አለኝ። ቶሎ እሺ ማለቱ ራሱ አላማረኝም። "ሰው ማመን ቀብሮ ነው" እየተባልኩ ያደግኩ ነኝና የመታወቂያ ቁጥሩን ጽፌ ያዝኩ። ቤቱ የት እንደሆነም ጠየቅኩ። አልተቀየመኝም።

እኔ በመኪና ስመጣ ሦስት ቀን ስለፈጀብኝ፣ ትኬት ቆራጩን በአየር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጠየቅኩት። "አንድ ሰዓት ከሩብ" አለኝ። አራት ሰዓት ላይ ተነሡ። ወንድሜ ቦሌ ይጠብቃል፤ ሲቀበላት ቢሮ ይደውልልኛል።

አምስት ተኩል ሆነ። ስድስት ሆነ። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። "ከጋምቤላ የመጣ አውሮፕላን የለም" አለኝ ወንድሜ።

አውሮፕላን ሊወድቅ እንደሚችል እንኳ አላሰብኩም። ያሰብኩት ኦባንግን ነው። ሻንጣ እንኳ አልያዘም፣ አንዲት ፌስታል ብቻ! እየሮጥኩ ቤቱ ደረስኩ። ሚስቱ አሪየት በቆሎ ትወቅጣለች።

"ባልሽ ልጄን የት ወሰዳት?" ብዬ ጮኽኩባት።

"አውሮፕላን ጅማ ይወርዳል" አለች በረጋ ድምፅ። "ጉም ካለ እዛ ይቀመጣል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።"

"ውሸት ነው! ማንም አልነገረኝም!"

ዘነዘናዋን አስቀመጠች። ከዚያ ምንጣፍ ላይ የሚድኸውን ልጇን አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"የኔን ልጅ ያዢ። ያንቺ ስትደርስ ታመጪዋለሽ።"

ወደ ወቀጣዋ ተመለሰች። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ልጁን ይዤ ወጣሁ።

ስልኩ አጠገብ ታቅፌው ተቀመጥኩ። ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በስልኩ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። "እማዬ፣ ሁለት ጊዜ በረርን! ጅማ ላይ ጋሼ ኦባንግ ሙዝ ገዛልኝ!"

አልቅሼ ሳበቃ ልጁን መለስኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አሪየት ቀደመችኝ። "አለቀሰ?" አለችኝ። አላለቀሰም አልኳት። ሳቀች።

ልጄ ለቀጠሮዋ ደርሳለች፤ ዓይኗም ድኗል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልጄን ለባሏ ስሰጥ መታወቂያውን ጽፌ ይዣለሁ። እሷ ልጇን ስትሰጠኝ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም።