ኮባ የለበሰው ድልድይ

ዛሬ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እርጥብ ሲሚንቶ ሸተተኝና አያቴን አስታወስኩ። የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ እኛ ጋ፣ ቦንጋ መጡ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ የምሻገረውን ጅረት አይተውም ትንሽ ድልድይ ሠሩልኝ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ ስለሆነ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፈኑት።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ አይተው ሳቁ። «ጋሼ፣ በኮባ ጠቅልለው እንደ ዳቦ ሊጋግሩት ነው?»

«አዎ! ሳይበስል አይረገጥም።»

በማግስቱ ጠዋት ፈተና ነበረኝ፤ ጅረቱ ደግሞ ሞልቷል። በድልድዩ ልለፍ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው አዘሉኝ። ውሃው ጉልበታቸውን ሲመታው ፈርቼ አንገታቸውን አቀፍኩ።

«አባባ፣ እርስዎስ በስለዋል?»

«እኔማ ድሮ በስያለሁ» አሉ፣ በደፈረሰው ውሃ ውስጥ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ድንጋይ እየፈለጉ።